የደስይበለው ድምፅ

በሸንጎ የሴት ድምፅ እንዳይሰማ ከተደነገገ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። መናገር የፈለገች ሴት አንገቷ ላይ መሣሪያ ታስራለች፤ ቃሏም በባሏ ድምፅ ይወጣል። ሸንጎ ላይ ከፈታችው ግን በውስጡ ያለው ድምፅ ለዘለዓለም ይጠፋል።

የጥሩዓለም ባል ደስይበለው ከሞተ ዓመት አልፎታል። ዓይነ ስውር አማቷ በየማለዳው፣ «እስቲ እሰሪው» ይሏታል። አስራም፣ «ደህና አደርሽ፣ እናቴ?» ትላለች። አሮጊቷ ቁርስ የሚቀምሱት የልጃቸውን ድምፅ ሲሰሙ ነው።

ዛሬ የመስኖ ውሃ ተራ ይደለደላል። ጥሩዓለም አማቷን እየመራች መጥታ ከሴቶቹ መደዳ አስቀመጠቻቸውና ተነሥታ በደስይበለው ድምፅ ተናገረች።

«ሽንኩርቴ ሊደርቅ ነው። የማክሰኞ ተራዬን መልሱልኝ።»

ተራውን የሚደለድሉት የውሃ አባት አቶ መንበሩ ፈገግ አሉ። «ደስይበለው፣ ነፍስህን ይማረው! የሞተ ሰው ደግሞ ምን ሽንኩርት አለው?»

ሸንጎው በሳቅ አውካካ። ጥሩዓለም እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች፤ የመሣሪያውን ቁልፍ ነክታ ግን መልሳ አወረደችው። ነገ ጠዋት አማቷ ምን ሊሰሙ ነው?

«አውልቂው!» አለ የሴት ድምፅ። አማቷ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ አንገታቸው ባዶ ነው።

«እማማ፣ ይጠፋብዎታል እኮ» አለች፣ በልጃቸው ድምፅ።

«እሱን ቀብሬዋለሁ፣ ልጄ። አንቺን ከነሕይወትሽ አልቀብርሽም።»

ቁልፉ ቀጭ አለ። ጥሩዓለም ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ድምፅዋ ቀጥኖና ተንቀጥቅጦ ወጣ።

«ጥሩዓለም እባላለሁ። ሽንኩርቱ የእኔ ነው፤ ማክሰኞም የእኔ ነው።»