ፈረንሳይኛ በሹሩባ መሃል

ፀጉር ሠሪዋ የደንበኛዋን ሹሩባ እየሠራች፣ ልቧ ግን ነገ በምትፈተነው ፈረንሳይኛ ላይ ነበር። ካለፈች ፈረንሳይ አገር ያለው ባሏ ዘንድ ትሄዳለች። ድንገት የደንበኛዋ ስልክ ጠራ፤ ሴትዮዋም አንስታ በፈረንሳይኛ ታወራ ጀመር። የፀጉር ሠሪዋ እጅ ቀጥ አለ። በጆሮ ማዳመጫ ካልሆነ በቀር ሰምታው የማታውቀው ቋንቋ ከሰው አፍ ሲወጣ አንድም ሳይቀር ገባት! “እቆያለሁ፤ ልጅቷ እጇ ጥሩ ነው፣ ግን ስትንቀረፈፍ!” ነበር ሴትዮዋ የምትለው።

“እንዳያምዎት ብዬ እኮ ነው፣ እመቤቴ” አለች ሳታስበው፤ በፈረንሳይኛ።

ሴትዮዋ ስልኩን ከጆሮዋ አወረደች። “ወይ ጉዴ! ሰማሽኝ?”

“ነገ ፈተና አለብኝ” አለች ፀጉር ሠሪዋ፣ ሳቋ እያመለጣት።

ሴትዮዋ ስልኩን ዘጋችና ወንበሩን ወደ እሷ አዞረች። “በይ እንግዲህ፣ ለዛሬ ፈታኝሽ እኔ ነኝ። ራስሽን አስተዋውቂ።”

ፀጉር ሠሪዋ የተጀመረውን ጉንጉን ለቀቀችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ በፈረንሳይኛ ጀመረች።