የቀለበቱ ሚዜዎች

እጮኛዋ ያሰረላትን ቀለበት ጓደኛዋ ራኬብ አገላብጣ አይታ፣ «ደስ ይላል፤ ቀለል ያለ ነው» አለቻት። ባለቀለበቷ በዚያች «ቀለል» ሰበብ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጣች፤ የለጠፈችውን ፎቶ ሁሉ አጥፍታ ፒያሳ ወርቅ ቤት ገባች።

ሽማግሌው ወርቅ ሠሪ ባለ አንድ አልማዙን ቀለበት አዩና፣ «ሙሽራዋ ብቻዋን ቆማለች፤ ግራና ቀኝ ሚዜ ያስፈልጋታል» አሏት። የመሃሉን አልማዝ ሙሽራ፣ የጎን አልማዞችን ሚዜ ነው የሚሏቸው። ቃሉን ወደደችው። ትናንሾቹን ወደ ዳር ገፍታ ትልልቆቹን እያገላበጠች ለእጮኛዋ ደወለች።

«ሚዜዎቹን እየመረጥኩ ነው። ሁለት ይበቃሉ ወይስ አራት ላድርጋቸው?»

«እንዳሻሽ፣ የኔ ቆንጆ። ራኬብን ብቻ ተያት።»

«ራኬብ ደግሞ እዚህ ውስጥ ምን አገባት?»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ነገረችሽ እንዴ?» አላት።

«ምኑን?»

ኔትወርክ እንደጠፋበት ሰው «ሃሎ፣ ሃሎ» ይል ጀመር። ድምፁ ግን ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር።

«እህስ ልጄ፣» አሉ ሽማግሌው፣ «ሁለት ናቸው አራት?»

ቀለበቱን ከጣቷ አውልቃ የመደርደሪያው መስታወት ላይ አኖረችው።

«ሚዜዎቹ ይቅሩ፣ ጋሼ። ሙሽራዋን ያውጡልኝ።»