እጀታ የሌለው በር

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እናቴ ሳትሰማው አረፈች። ባሌ ዓይን አፋርነቴን ስለለመደው ዝምታዬን ከጠባዬ ይቆጥረዋል። ታናሽ እህቴ ደግሞ ዛሬ ብዙም አትናገርም፤ ብነግራትም የምትሰማኝ አይመስለኝም።

ያኔ ከኮሌጅ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። አባቴ በሕመም ከሥራ ቀርቶ አልጋ ይዟል። እናቴ በየሰው ቤት እየዞረች ልብስ ታጥባለች፤ ሳሙናው የጣቶቿን ቆዳ ልጦታል። ከቤታችን አንድ ሰው ደመወዝ ማምጣት ነበረበት። ያ ሰው እኔ እንድሆን ሁሉም ይጠብቅ ነበር። ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት መቆም ሥራዬ ሆነ። እህቴም በዓመቱ ተመርቃ ስለነበር የሁለታችንንም ማመልከቻ በአንድ ፌስታል ይዤ እዞር ነበር። እሷ ሰልፍ አትወድም።

አንድ ቀን ጸሐፊ የሚፈልግ አንድ አስመጪ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ።

“እዚያ ስትደርሺ ደግሞ እንደ ሙሽራ እንዳትሽኮረመሚ!” አለችኝ እህቴ፣ ጠዋት ጸጉሬን እየጎነጎነች። “ስምሽን ሲጠይቁሽ ጮክ በይ። ወይስ እኔ ልሂድልሽ?”

“አንቺ ከሄድሽማ ሰውየው መናገሪያ ጊዜም አያገኝ” አለ አባቴ ከአልጋው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። “ስሚኝ ልጄ፣ አለቃ ለእንግዳ ጥርሱን ያሳያል። አንቺ እሱን ተዪውና ሠራተኞቹን እያቸው። እሱ ሲያልፍ ምን እንደሚሆኑ እይ።”

አየሁ።

እንግዳ መቀበያው ውስጥ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ እየተሳሳቁ ነበር። ኮሪደሩ ላይ የጫማ ድምፅ ሲሰማ ሳቁ ቀጥ አለ። አንደኛዋ ሻርፗን እስከ አገጯ ሳበች። የጸሐፊዋ ወንበር ባዶ ነው። ጠረጴዛው ላይ ግን የሴት መነጽር ተቀምጧል። ዓይኗን ትታ የምትሄድ ሴት ምን ያህል ብትቸኩል ነው ብዬ አሰብኩ።

ወለል የሚወለውሉ ሴትዮ አጠገቤ ጎንበስ አሉ።

“ለዚህ ወንበር ነው የመጣሽው፣ ልጄ?”

“አዎ፣ እማማ።”

“ዘንድሮ አራተኛዋ ነሽ።” መወልወያቸውን ጨመቁ። “እናት አለሽ?”

“አለችኝ።”

“እንግዲያው ወደ እናትሽ ሂጂ።”

ወዲያው ስሜ ተጠራ።

ሥራ አስኪያጁ ጨዋ ሰው ይመስላል። ብድግ ብሎ ተቀበለኝ፤ ወንበር ሳበልኝ። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ዞር ብዬ አየሁት። ከውስጥ በኩል እጀታ የለውም። የሚከፍተው እሱ ነው፣ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ነገር ተጭኖ።

“ተበላሽቶ ነው” አለኝ፣ ሳልጠይቀው።

ስለ ትምህርቴ አንድም ነገር አላነሳም። እጮኛ እንዳለኝ ጠየቀኝ። ወንድም እንዳለኝ ጠየቀኝ። ወንድም የለኝም፣ አባቴም ታሟል ስለው ፊቱ ፈካ።

“እኛ እዚህ እንደ ቤተሰብ ነን” አለ። “ቤተሰብ ሰዓት አይቆጥርም። የቤቱንም ጉድ ደጅ አያወጣም።”

የትምህርት ማስረጃዬን ዋናውን ከእጄ ወስዶ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። “እዚህ እስካለሽ ድረስ እኔ ጋ ይቀመጣል።” መሳቢያው ውስጥ ሌሎች ማስረጃዎችም አሉ። ከላይ ካለው ላይ መነጽር ያደረገች ልጅ ከፎቶዋ ውስጥ አየችኝ።

“ላስብበት” አልኩ። ድምፄ ለራሴም በቅጡ አልተሰማኝም።

ሳቀ። “እኔ የምጠብቅበት ጊዜ የለኝም፣ እህቴ። ማስረጃ እያየሁ በተራ ነው የምጠራው። አንቺ አንደኛ ነሽ። እምቢ ካልሽ ተከታይዋ ነገ ጠዋት እዚህ ትቀመጣለች።” የአመልካቾቹን ስም ዝርዝር ወደ እኔ አዞረው።

ከስሜ ሥር ያለውን ስም አነበብኩ። ደግሜ አነበብኩት።

“እህስ?” አለ፣ እጁን እጄ ላይ ጣል አድርጎ።

“ይቅርብኝ። ማስረጃዬን ይስጡኝ።” በሕይወቴ ጮክ ብዬ የተናገርኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ትከሻውን ሰብቆ ወረቀቴን ወረወረልኝ፤ በሩም ተከፈተ። ኮሪደሩ ላይ ሴትዮዋ ሲያዩኝ ደረታቸውን ያዙ።

“ተመስገን! አንቺስ ተረፍሽ። ነገ ደግሞ የማን ልጅ ትሆን የምትመጣው?”

“እኔ እንጃ” አልኩና ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ።

ቤት ስደርስ ሦስቱም ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

“አልመረጡኝም” አልኩ።

“ይሁን፣ ላንቺ ያላለው ነው” አለች እናቴ። እጇን ቀሚሷ ውስጥ ደበቀች።

“ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሹሩባሽን አይተው ነው የጣሉሽ” አለች እህቴና አቅፋ ጉንጬን ሳመችኝ።

አባቴ ግን አልሳቀም። “ሠራተኞቹን አየሻቸው?”

“አየኋቸው።”

“እንዴት ናቸው?”

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። አፌን ከፈትኩ። የእናቴ እጅ ከቀሚሷ ውስጥ ወጥቶ ጭኗ ላይ አረፈ። ያን እጅ እያየሁ “ሰጥተውኝ ነበር፤ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት” ማለት ከየት ይምጣልኝ?

“ደኅና ናቸው” አልኩ። “ሲሳሳቁ አየኋቸው።”

“እንግዲያው ደግ ቤት ነበር፤ አመለጠን” አለ አባቴና ወደ ግድግዳው ዞረ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። እናቴና እህቴ እየተጋፉ ሮጡ። እኔ ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም።

በማግስቱ ጠዋት የእህቴን ሸሚዝ ተኩሼ፣ እስከ ድርጅቱ በር ድረስ ሸኘኋት።