ዩኒቨርሲቲ እንዴት እንደገባሁ

በሰፈራችን እንደ እኔ እስክስታ የሚወርድ የለም። ትምህርት ከሰባተኛ ያቋረጥኩትም ለዚሁ ነው፤ እንዲህ ያለ ትከሻ ላላት ልጅ አልጀብራ ምን ያደርግላታል?

ችግሬ ስልኬ በእስክስታ ቪዲዮ ሞልቶ ቦታ ማጣቱ ብቻ ነበር። ደግነቱ እህቴ ትንግርት የመመረቂያ ጽሑፏን ልትጨርስ ቤት መጥታለች። ዩኒቨርሲቲያቸው ተማሪዎቹ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ያስቀመጡትን ፋይል ካሉበት ሆነው በስልክ እንዲከፍቱ አድርጎላቸዋል፤ እሷ አልጋዋ ላይ ተጋድማ ጽሑፏን ታርማለች። ቦታው ሰፊ መሆኑን ሳይ፣ ልትታጠብ ስትገባ የእስክስታ ቪዲዮዎቼን በሙሉ በስልኳ በኩል ከጽሑፏ ጎን ጫንኳቸው። ዩኒቨርሲቲ የሚያህል ነገር በእኔ እስክስታ አይሞላ!

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ትንግርት ስልኳን ከፍታ ጮኸች።

"አንቺ! ይሄን እኮ አማካሪዬም ይከፍቱታል! ፈታኞቹም ዛሬ የሚያዩት እዚሁ ገብተው ነው! በቃ፣ አልመረቅም!"

"እንዲያውም ነጥብ ይጨምሩልሻል" አልኳት።

ነጠላ ጫማዋን አንስታ ልትወረውርብኝ ስትል ስልኳ ጠራ። አማካሪዋ ናቸው። እሷ ጫማዋን እንደያዘች እኔው አንስቼ ላውድ አደረግኩት።

"ትንግርት፣ ጽሑፍሽን ሁላችንም ወደነዋል። አልፈሻል።"

እህቴ ወለሉ ላይ ዘጭ አለች።

"ቪዲዮዎቹንም እስከ መጨረሻው አይተናል" አሉ። እኔ ፀጉሬን አስተካከልኩ። "ልጅቷ ማን ናት?"

"ታናሽ እህቴ ናት ዶክተር፣ በጣም ይቅርታ..."

"ምንም አይደል። ብቻ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ አደራ በያት።"