ደምሰው ለማን ከሳ?

ሰው ሲከሳ ሁለት ነገር ይባላል፦ ወይ ታሟል፣ ወይ ወሽሟል። ደምሰው እንዳልታመመ ደግሞ ብሎኩ ሁሉ ያውቃል። ታሞ በማለዳ ገመድ የሚዘል የለማ!

ታዲያ ምን ቀረ? ለቡ መብራት ኃይል ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖረው ሚስቱ ተሾመች ይህንኑ ስታወጣ ስታወርድ ትውላለች። ከቤት መውጣት ከተወች ቆይታለች። «ማንንም ማስቸገር አልፈልግም፤ ደክሞኛል» ትላለች ለጠየቃት ሁሉ። ቲማቲም ስትፈልግ እንኳን ከበረንዳው ዘንቢል በገመድ ትለቃለች፣ ታች ያለችው ባለ ጉሊት ሞልታ ትልክላታለች።

ደምሰው ድሮ እንዲህ አልነበረም። የመጋዘን ሠራተኛ ነው፤ ሆዱ ከሱ ቀድሞ በር የሚገባ፣ ሁለተኛው ፎቅ ሲደርስ ግድግዳ ተደግፎ የሚያለከልክ ሰው ነበር። ከሥራ ሲወጣ ቁርጥና ቢራ ካላገኘ ቀኑ የዋለ አይመስለውም።

በፋሲካ ማግሥት ግን ብድግ ብሎ ሮጠ። ሳምንቱ ሳያልቅ ጉልበቱ አብጦ ተኛ።

«አይ ወንድ ልጅ! በዚህ ዕድሜህ?» ብላ ተሾመች ሳቀችበት።

ነገሩ እዚያ ያበቃል ብላ ነበር። ግራውንድ ላይ የተከራየች ሄርሜላ የምትባል የስፖርት አሠልጣኝ ግን አገኘችው። «ጋሼ ደምሰው፣ በአንድ ቀን ካልከሳሁ አይበሉ። ትንሽ ትንሽ፣ ግን ሳያቋርጡ» አለችው።

ይኸው ከዚያ ወዲህ አቋርጦ አያውቅም። ክረምቱ ሲያጥለቀልቀው ከውጭ ይልቅ ደረጃውን ይወጣል ይወርዳል። ቢራና ስኳር ተወ። እንጀራውን ግማሽ አድርጎ ጎመንና ምስሩን አበዛ፤ ራሱ ይሠራና ለተሾመችም አልጋዋ ድረስ ያመጣላታል። አንዳንድ ቀን ድካሙ ጥሎት ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ያንቀላፋል። በማግሥቱ ግን ያው ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል።

«እንቁላሉስ ይሂድ፤ ወዴት ነው የሚሄደው?» ትላለች ቡዜ። ቡዜ የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤታቸው ናት፤ ወሬ አድሮባት አያውቅም። ሳታንኳኳ በሩን ራሷ ከፍታ ትገባለች።

ደግሞ ሌላም አለ። ቧንቧው ውሃ እያለው፣ ደምሰው ከታች ቢጫ ጄሪካን ሞልቶ ተሸክሞ ይወጣል።

ተሾመች «ውሃ አለ እኮ!» ስትለው፣

«ይቀመጥ» ይላታል።

የጎረቤቱን ሁሉ ጤፍ ሳይለመን ያወጣል፣ ያወርዳል። ለሄርሜላ ጉልበቱን ማሳየቱ ነው፤ ተሾመች ገብቷታል።

ወገቡ ቀጠነ፣ ትከሻው ሰፋ፣ መስተዋት ፊት መቆም አመጣ። እሷ አልጋዋ ላይ ሆና ታየዋለች። ይህ ሰው ለእኔ ብሎ አይደለም የሚያምረው፣ ጥሎኝ ሊሄድ ነው፣ ትላለች በልቧ። ያለ ደምሰው ደግሞ መኖሪያም የላት። «ሂድ» እንዳትለው ትፈራለች፤ «እሺ» ቢላትስ?

ጥር ገባ። መካኒሳ የእህቷ ልጅ ሠርግ ነበር። ተሾመች እንደማትሄድ አስቀድማ ተናግራለች፤ በስልክ አየዋለሁ ብላ።

በሠርጉ ዋዜማ ቡዜ እያለከለከች ገባች።

«ተሹዬ፣ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! በዓይኔ በብረቱ አየሁ!»

«ምን አየሽ?»

«ሄርሜላን አዝሎ ደረጃ ሲወጣ! እጇን አንገቱ ላይ ጠምጥማ! ደግሞ ሲስቁ!»

ተሾመች አላለቀሰችም። ማልቀስም ጉልበት ይፈልጋል። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ወጣት ናት። እኔን ምን ያደርገኛል?» አለች።

«ኧረ እኔ ብሆን ልብሱን ሰብስቤ በመስኮት ነበር የምወረውርለት!» አለች ቡዜ። ከዚያ የተሾመችን ፊት አየችና ብርድ ልብሱን አስተካክላላት ወጣች።

ንጋት ላይ ተሾመች በእንቅልፍ ልቧ አንድ ነገር ደረጃው ላይ እየተንጓጓ ሲወርድ ሰማች። ሻንጣው ነው፣ አለች።

ሲነጋ ደምሰው ተላጭቶ ሱፉን ለብሷል። ሱሪው ሰፍቶት በቀበቶ ሰብስቦታል፤ እግሩ ላይ ግን ያንኑ የስፖርት ጫማ ነው ያጠለቀው። ከታች የሄርሜላ ድምፅ መጣ።

«ጋሼ ደምሰው፣ መኪናው ደርሷል!»

«ልትሄድ ነው?» አለች ተሾመች።

«አዎ፣ ልሄድ ነው።»

«ከሷ ጋር?»

«እሷም አለች።»

ለወራት ያፈነችው ሁሉ ገነፈለ። «በል እንግዲህ ሂድ! ያ ሁሉ ልፋት ለዚህ ነበር? ግድ የለህም፣ ተከትዬ አልይዝህም!»

ደምሰው ቁም ሳጥኑን ከፈተ። የሐበሻ ቀሚሷን ከቁም ሳጥኑ አውጥቶ አለበሳት፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት። እሷ ግራ ገብቷት ታየዋለች።

ከዚያ ጀርባውን ሰጥቷት አልጋው ሥር ቁጢጥ አለና፣ «አንገቴን እቀፊ፤ ዊልቸርሽን ሄርሜላ ታች ይዛልሻለች» አላት።