አንድ ሰው ያስመዝግቡ

ትርሲት የእትዬ ወይንሸትን ስልክ እንደያዘች መመዝገቢያውን ሳትጫን ቆየች። ሁለቱም ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይሠሩ ነበር፤ እሷ መጽሐፍ ታውሳለች፣ እሳቸው ወለል ይወለውላሉ። ትርሲት ከከተማው ወጣ ብሎ ቱላ ላይ ቤት ለመሥራት ከባሏ ጋር ያጠራቀሙትን ሰማንያ ሺህ ብር፣ እሱ ሳያውቅ፣ በየቀኑ ትርፍ ይከፍላል የተባለ መተግበሪያ ውስጥ አስገብታ ነበር። ብሯን ላውጣ ስትል "መጀመሪያ አንድ ሰው ያስመዝግቡ" እያለ ከለከላት። እትዬ ወይንሸት ደግሞ ትናንት ዕቁብ ደርሷቸው፣ ብሩን እዚያው እንድታስገባላቸው ስልካቸውን ሰጥተዋታል።

"ምነው ልጄ፣ ኔትወርክ የለም?" አሏት። በረኪና የላጠው እጃቸው መወልወያውን እንደያዘ ነበር።

"እትዬ፣ ይቅርብዎት" አለች ትርሲት ስልኩን እየመለሰችላቸው። "ሌቦች ናቸው። የእኔንም በልተውታል።"

የእትዬ ወይንሸት ፊት ጠቆረ። "ባለፈው ወር አተረፍኩ ብለሽ ያሳየሽኝ አንቺ አይደለሽም? ለእኔ ሲሆን ነው ሌባ የሚሆኑት? ግድ የለም፣ የበሩ ዘበኛ ያስገባልኛል።" መወልወያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው በንባብ አዳራሹ በኩል ወደ በሩ አመሩ።

ትርሲት ሮጣ ደረሰችባቸው። እጃቸውን ብትይዛቸው መንጭቀው አስለቀቋት። ያኔ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተማሪዎችን ዝም ስታሰኝበት በኖረችው አዳራሽ መሀል ቆማ ጮኸች።

"ሰማንያ ሺህ ብር ተበልቻለሁ! ባሌ አያውቅም! በፈጠረዎት፣ እትዬ፣ እንዳያስገቡ!"

ተማሪዎቹ ሁሉ ቀና አሉ። እትዬ ወይንሸት በሩ ላይ ቆሙ፤ ከዚያ ስልኩን ቀስ ብለው ጉያቸው ውስጥ ከተቱት።