አባ ሽፍን

«አብሮ» ማለት ሁለት ሰዎች አንድን ነገር በአንድ ሰዓት ሲያደርጉት ነው። አንድ ቦታ መሆን ግዴታ አይደለም። ዙለይሃ ቃሉን የተረዳችው እንዲህ ነበር፤ ሦስት ዓመትም ኖራበታለች።

ባሏ ማህዲ ሪያድ ነው። በተጋቡ በስድስተኛው ወር ከሐይቅ መናኸሪያ የደሴ ሚኒባስ ላይ አሳፍራ ሸኘችው። ከዚያ ወዲህ በየጁምዓው ከአስር ሶላት በኋላ በኢሞ ይደውላል። ሁለቱም በየስልካቸው አንድ የቻይና ተከታታይ ድራማ ይከፍቱና «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብለው እኩል ይጫናሉ። የሐይቅና የሪያድ ሰዓት አንድ መሆኑ በጅቷቸዋል።

ካሜራ አይከፍትም፤ አሠሪው አይወድም። ድምፁ ግን ጥርት ብሎ ይሰማታል፤ የክፍሉ ኤሲ ካልረበሸ። ኤሲው አሮጌ ነው። ሐምሌ ከገባ ወዲህ ደግሞ ብሶበት፣ ቆርቆሮ ላይ ጠጠር እንደተበተነ ይንጣጣል። የሪያድ ሙቀት ሲበረታ እንዲህ ያደርገዋል ይላታል።

ነገሩ ለአባቷ አልጣማቸውም።

«ልጄ፣ ይሄ ትዳር ነው ሬዲዮ? ወይ ይምጣ፣ ወይ ሸሪዓ ሄደን ፍቺሽን እንጠይቅ።»

«አብረን ነን አባዬ» ትላቸዋለች።

የአሁኑ ድራማ አርባ ክፍል ነው። የአንድ ሹም ልጅ አባቷን የገደለባትን ሰው ትፈልጋለች፤ ፊቱን በብር ጭንብል የሸፈነ ሰው በጭንቅ ሰዓት ብቅ እያለ ያድናታል፤ በመሃል አንዲት ቀበሮ ወደ ሴት ትለወጣለች። ወደ አማርኛ የሚመልሰው ደሴ ያለ አንድ ተርጓሚ ነው። የቻይና ስም ስለሚሰለቸው ለሰዎቹ የራሱን ስም ያወጣላቸዋል። እንዳይሰረቅበት ኢንተርኔት ላይ አይለቅም። በየማክሰኞው ሁለት ሁለት ክፍል ደሴ ላይ በፍላሽ ይሸጣል፤ የደሴ ሰው ከጠገበ በኋላ፣ በዘጠነኛው ቀን ሐሙስ፣ ሐይቅ ይደርሳል። እዚህ በሱቋ ለሰው ስልክ ላይ የምትጭነው የዙለይሃ ጓደኛ ራዚያ ናት። ዙለይሃ ከእሷ ትወስድና ለማህዲ በቴሌግራም ትልክለታለች።

በራዚያ ሱቅ በር ላይ ያለው ትልቁ ጥያቄ ከጭንብሉ ጀርባ ያለው ማነው የሚለው ነው።

«ያ ቁስሏን የሚያክምላት ሐኪም ነው፣ ወላሂ!» ትላለች ዙለይሃ።

«ኧረ ቀበሮዋ ናት። ሴት መሆን ያላቃታት ወንድ መሆን ያቅታታል?»

«ጺም አለው እኮ!»

«ቀበሮስ ጺም የላትም?» ትላለች ራዚያ።

ችግሩ የጀመረው በሠላሳ አንደኛው ክፍል ላይ ነው። ማህዲ ቀልዱ ሳይነገር መሳቅ ጀመረ። ሰው ሊሞት ሲል ቀድሞ ዝም ይላል። አንድ ጁምዓ ሊሰነባበቱ ሲሉ ደግሞ፦

«ዙሌ፣ ለአባ ሽፍን እንዳታዝኚለት» አላት።

«አባ ሽፍን ደግሞ ማነው?»

ኤሲው ተንጣጣ። «ተይው» አለ ማህዲ። «ታይዋለሽ።»

በሳምንቱ ሐሙስ ተርጓሚው ለባለ ጭንብሉ ስም አወጣለት። አባ ሽፍን አለው። አባ ሽፍን በሰንሰለት ታስሮ ሲገረፍ ሱቁ በር ላይ ያለ ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። ዙለይሃም አለቀሰች፤ ለአባ ሽፍን ግን አልነበረም።

«ቀድሞኛል» አለች። «አብረን እንይ እያለኝ ቀድሞኝ ያያል።»

«በቻይንኛ?»

«እንግሊዝኛ የተጻፈበት ኢንተርኔት ላይ ሞልቶ የለ።»

«ማህዲ እንግሊዝኛ ያነባል እንዴ?»

«ስሙን ከጻፈ ጎሽ ነው።»

«እንግዲያ የሚያነብለት አለ።» ራዚያ ፍላሹን ከኮምፒውተሩ ነቀለች። «አጠገቡ ቁጭ ብላ ነው የምታነብለት። አብሽሪ እንጂ ሌላ ምን እልሻለሁ?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዙለይሃ ሴትየዋን ታያት ጀመር። ፊሊፒናዊት ናት። መነጽር ታደርጋለች። ጽሑፉን በጣቷ እየተከተለች ታነብለታለች፤ ማህዲ ሲስቅ ትከሻው ትከሻዋን ይነካል።

ጁምዓ ሲደውል ድራማውን አልከፈተችም።

«ማናት የምታነብልህ?»

«ምኑን?»

«ማህዲ፣ አጠገብህ ሴት አለች።»

«ኧረ በአላህ! ቁርኣን ይዤ እምልልሻለሁ ዙሌ፣ ሪያድ ውስጥ አንዲትም ሴት አላውቅም።»

የእውነተኛ ሰው ድምፅ ነበረው። ይበልጥ ያንገበገባት ያ ነው።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ክፍሎች ማክሰኞ ደሴ ላይ ይሸጣሉ ተባለ። ዙለይሃ ዘጠኝ ቀን ላለመጠበቅ ወሰነች። አይቶትም ቢሆን፣ ለአንድ ጊዜ እንኳ በመናገር ትቀድመዋለች። ጁምዓ ሲደውል፣ «ሦስት» ሳይል፣ ከጭንብሉ ጀርባ ያለው ማን እንደሆነ ትነግረውና ስልኩን ትዘጋለች። ቅዳሜ ከአባቷ ጋር ሸሪዓ ትሄዳለች።

ማክሰኞ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈረች። ከሐይቅ ደሴ አንድ ሰዓት አይሞላም። የተርጓሚውን ሱቅ ለማግኘት ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ ሰልፉ ከአስፋልቱ ይታያል። ዝናቡ የሱቁ ጣሪያ ላይ ጠጠር እንደተበተነ ይንጣጣል። ሰዉ በየጃንጥላው ሥር ሆኖ በአባ ሽፍን ይከራከራል። እዚህም ቀበሮዋ ናት የሚል አልጠፋም።

ዙለይሃ ከኋላ ተሰለፈችና ለማህዲ መልእክት ጻፈችለት። «የት ነህ?»

መልሱ ወዲያው መጣ። «ሥራ ላይ ነኝ ሆዴ። ሙቀቱ ጨረሰን።»

ዙለይሃ በሰልፉ አሥራ አንደኛ ነበረች። ማህዲ ሦስተኛ ነበር።